ከሐዘን በኋላ የሚመጣን ፍቅር እንዴት እንጻፍ? ጎጃም ላይ ልብ ወለድ ለሚጽፉ ወጣቶች ዝርዝር መመሪያ

ደብረ ማርቆስ ላይ የወጣቶችን ረቂቅ ማንበብ ከጀመርኩ ቆየሁ። ከሚመጡልኝ ውስጥ ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ታሪክ ናቸው። ልጅቷ የምትወደውን ልጅ በሞት ታጣለች፤ ታለቅሳለች፤ ከዚያ ሌላ ሰው ይመጣል። የሚበላሹትም እዚያው ቦታ ላይ ነው። ሟቹ ገጽ 3 ላይ ይሞታል፣ ገጽ 5 ላይ ይረሳል፣ ገጽ 10 ላይ አዲሱ ልጅ ዝናብ ውስጥ ጃንጥላ ይዞ ይቆማል። አንባቢው ለማልቀስም ለመደሰትም ጊዜ አላገኘም።

ጸሐፊዎቹ ችሎታ አጥተው አይደለም። ከመሃል ስለሚጀምሩ ነው። ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተሉ ሥሩ። ደረጃ 1ን እና 2ን የዘለለ ሰው ደረጃ 5 ላይ ሲደርስ ወደ ኋላ መመለሱ አይቀርም።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልጋችሁ

1. ሁለት ደብተር። አንዱ ለታሪኩ፣ ሌላው ለሟቹ ብቻ።

2. በዓላትና አጽዋማት የተጻፉበት የግድግዳ ካሌንደር። ስልክ ላይ ያለውም ይሆናል። ግን እስክሪብቶ የሚያርፍበት ወረቀት ይሻላል።

3. ሐዘን ያለፈባቸው አንዲት እናት። አክስት፣ ጎረቤት፣ የክርስትና እናት ሊሆኑ ይችላሉ። ቡና ሲፈላ አጠገባቸው ተቀመጡ። “ምን ተሰማዎት?” ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ “ምን እላለሁ ልጄ” ነው። ይልቅ “በማግስቱ ቡናውን ማን አፈላ?”፣ “ከብቱን ማን አወጣ?”፣ “ልብሱን ለማን ሰጣችሁት?” በሉ። ወሬው የሚመጣው እንዲህ ሲጠየቅ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የሰማችሁትን እንዳለ አትጻፉ። ስም፣ ሰፈር፣ የአሟሟት ሁኔታና ጊዜ ለውጡ። ትንሽ ከተማ ውስጥ ሦስት ዝርዝር ከተመሳሰለ ሰው ያውቃል፤ የታመመ ቁስል ይነካል።

ሌላም አለ። ራሳችሁ ሐዘን ላይ ከሆናችሁ የሟቹን ደብተር ብቻ ጻፉ። ታሪኩ ይቆይ። ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ መለስ በሉበት። በጥሬ ሐዘን የተጻፈ ልብ ወለድ ጸሐፊውን ሲጎዳ አይቻለሁ። እባካችሁ አትቸኩሉ።

በዚህ መመሪያ የምጠቀምባቸው ገጸ ባሕርያት ለምሳሌ የፈጠርኳቸው ናቸው። ትርንጎ 19 ዓመቷ ነው። አንለይ የሞተባት እጮኛዋ ነው። ይበልጣል ደግሞ የአባቱን ሱቅ የሚጠብቅ የ20 ዓመት ልጅ ነው።

ደረጃ 1፦ ሟቹን በሕይወት ጻፉት

በሁለተኛው ደብተር ላይ ስለ ሟቹ ቢያንስ አራት ገጽ ጻፉ። ስለ ሞቱ አንድም ቃል አታስገቡ። ምን ይበላ ነበር? ሲናደድ ምን ያደርጋል? ከማን ጋር ተኳርፎ ነበር? ምን ቃል ገብቶ አልፈጸመም?

ጉድለቱን ጻፉ። ረቂቆቻችን ውስጥ የሚሞቱት ልጆች ሁሉ መልአክ ናቸው። መልአክ ደግሞ አይናፈቅም። አንለይ ቀጠሮ ላይ ይዘገያል። ሲዘፍን ድምፁ አያምርም፤ ግን ይዘፍናል። ሱቅ ውስጥ የዱቤ ደብተር ላይ 85 ብር አለበት፤ ለትርንጎ አልነገራትም።

ይህን 85 ብር ያዙልኝ። በኋላ እንመለስበታለን።

ከአራቱ ገጽ ውስጥ ታሪኩ ላይ የምታስገቡት ምናልባት ግማሽ ገጽ ነው። የቀረው ግን አይባክንም። ትርንጎ ዝም ስትል ምን እያሰበች እንደሆነ የምታውቁት በእሱ ነው።

ስም ስትመርጡ ደግሞ አንለይን የመሰለ ትርጉም ያለው ስም ብትሰጡ ትርጉሙን አታብራሩ። “አንለይ ተባብለው ተለዩ” የሚል ዓረፍተ ነገር ከጻፋችሁ ሰርዙት። አንባቢው አማርኛ ይችላል።

አሟሟቱን እንዴት እንምረጥ?

ቀላሉንና የምታውቁትን ምረጡ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወስደው የዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ መንገድ፣ በክረምት የሞላ ወንዝ፣ ሳይታወቅ የቆየ ሕመም። በግጭት የሞተ ልጅ ከመረጣችሁ ግን ተጠንቀቁ። ያ ጉዳይ የራሱ መጽሐፍ ይፈልጋል። የፍቅሩን ታሪክ ይውጠዋል፤ በሁለት መስመር ማለፍም ለሟቹ ክብር አይሆንም።

የአደጋውን ትዕይንት አታሳዩ። መርዶውን አሳዩ። ሰው ሳይነጋ በር ሲያንኳኳ፣ የሰፈር ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሲገቡ፣ ልጅቷ ፊታቸውን አይታ ሳይነግሯት ስታውቅ። እዚህ ላይ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

ደረጃ 2፦ የሐዘኑን ቀን ቁጠሩ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ስለዚህ ቆም እንበል።

በእኛ ዘንድ ሐዘን የቀን ሥርዓት አለው። ሰልስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። ልጅቷ ከል የምትለብሰው፣ ሰው የሚጠይቃት፣ ተዝካር የሚወጣው በዚህ ነው። አዲሱ ፍቅር የሚመጣው በዚህ ሥርዓት መሃል ነው። ከሥርዓቱ ጋር እየተጋጨ ይመጣል። ቀኑን ካልቆጠራችሁ ግጭቱም አይኖርም፤ ታሪኩ ባዶ አየር ላይ ይንሳፈፋል።

እንዲህ አድርጉ፦

1. የሞተበትን ቀን ወስኑ።
2. ያንን ቀን አንድ ብላችሁ ቁጠሩ።
3. እያንዳንዱን መታሰቢያ ካሌንደሩ ላይ ክበቡ።
4. ከክበቡ አጠገብ ምን በዓል ወይም ጾም እንዳለ እዩ።

በምሳሌ ልሥራው። አንለይ የሞተው ሐምሌ 3 ቀን ነው እንበል። የሐዋርያት ጾም ገና አልተፈታም። ሰልስቱ ሐምሌ 5 ይሆናል። ጾሙ የሚፈታበት ጴጥሮስ ወጳውሎስ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ሲፈስክ ለቅሶ ቤት ውስጥ ንፍሮ ይቀርባል። ሰባቱ ሐምሌ 9፣ አሥራ ሁለቱ ሐምሌ 14፣ ሠላሳው ነሐሴ 2 ላይ ይውላል።

አርባውስ? ነሐሴ 12። ይህ ፍልሰታ ነው። ስለዚህ ተዝካሩ የጾም ነው፤ ሽሮና ምስር እንጂ ሥጋ የለም። አንድ ረቂቅ ላይ በዚሁ ሰሞን ሰንጋ ሲታረድ አንብቤያለሁ። እናቶች ይህን ካዩ መጽሐፉን ዘግተው ያስቀምጡታል። ከዚህም በላይ ነሐሴ 12 የቡሄ ዋዜማ ነው። ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ ከቤት ቤት ይዞራሉ፤ ጅራፍ ይጮሃል። የአንለይ እናት ደጅ ላይ ሲደርሱ ምን ይሆናል? አንዱ ትንሽ ልጅ ሳያውቅ “ሆያ ሆዬ” ብሎ ይጀምራል። ትልቁ አፉን በእጁ ይይዘዋል። ሁለቱ ዱላቸውን ወደ መሬት አውርደው ዝም ብለው ይቆማሉ። ትርንጎ ከጓዳ ሆና ይህን ታያለች። ይህን ትዕይንት እኔ አልፈጠርኩትም፤ ካሌንደሩ ነው የሰጠኝ።

ሰማንያው ደግሞ መስከረም 17 ይሆናል። መስቀል! ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት መስከረም 16 ላይ ይውላል፤ የደመራው ዕለት። ስለዚህ ታሪኩ በየትኛው ዓመት እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ። መንፈቁ ወደ ጥር መግቢያ ይጠጋል። ጥምቀት ጥር 11 ነው። አገሩ ነጭ ለብሶ ሲወጣ እሷ ከል ለብሳለች። ትውጣ ወይስ ትቅር? በእኔ እምነት የታሪኩ ወገብ ይሄ ነው።

ሠርግንም በዚሁ ካሌንደር ለኩ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በጾም ሠርግ አይደገስም። የእኛ ሠርግ ብዙውን ጊዜ ጥር ላይ ወይም ከፋሲካ በኋላ ነው። የጓደኛዋን ሠርግ መጋቢት ላይ ካደረጋችሁ አውጡት።

ስህተት ከሆነስ? ቀኑ ካልተመቻችሁ መታሰቢያውን አታንቀሳቅሱ። የሞተበትን ቀን አንቀሳቅሱና እንደገና ቁጠሩ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ደረጃ 3፦ አንድ ከተማ ምረጡና እዚያው ቆዩ

“ጎጃም” ብሎ መጻፍ አይበቃም። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። በሐምሌ ጠዋት ጉም አለ፤ ሰው ጋቢ ይደርባል። ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ዝቅ ያለች፣ ሞቃት፣ ሴቶች በብስክሌት የሚሄዱባት ከተማ ናት። ዳንግላና እንጅባራ አካባቢ አዊኛ ይሰማል፤ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል አለ። ጮቄ ሥር ያለ መንደር ገብስና ድንች ነው። ልጅቷ የት ልትደበቅ እንደምትችል የሚወስነው ቦታው ነው። ባሕር ዳር ጣና ዳር ከአንድ ልጅ ጋር ብትቀመጥ ላትታይ ትችላለች። ገጠር ከሆነ ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ ሁለት ጊዜ ካወራችው ወሬው ከእህሉ ቀድሞ ቤት ይገባል።

ዘመኑንም አረጋግጡ። አዲሱ የባሕር ዳር የዓባይ ድልድይ የተመረቀው በግንቦት 2016 ነው። ታሪኩ 2013 ላይ ከሆነ ፍቅረኞቹን እዚያ ላይ አታራምዷቸው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ከ2015 ወዲህ ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሚፈተነው ሆኗል። በድሮው ልማድ ሰፈር ትምህርት ቤት ቁጭ እንዳታደርጉት።

ደረጃ 4፦ ሁለተኛውን ሰው በሥራ አስገቡት

አዲሱ ልጅ ለማጽናናት አይምጣ። ለማጽናናት የሚመጣ ሰው መቶ አለ። “እግዜር ያጥናሽ”፣ “ነፍስ ይማር”፣ “መጽናናቱን ይስጥሽ” ሲሏት ከርማለች። እሷ የደከማት ይህ ነው። እሱን የሚያመጣው አንድ ተራ ሥራ ይሁን። ወፍጮ፣ የባጃጅ ሂሳብ፣ የተበላሸ ስልክ።

አሁን ወደ 85 ብሩ እንመለስ። ከአርባው በኋላ ትርንጎ የአንለይን ዱቤ ትሰማለች። ብሩን በመሃረብ ጫፍ ቋጥራ ሱቅ ትሄዳለች። ይበልጣል ብቻውን አለ።

“የአንለይ ዱቤ ስንት ነው?”
ደብተሩን ገለጠ። ጣቱ ስሙ ላይ ቆመ።
“ሰማንያ አምስት።”
ቆጥራ ሰጠችው። ቆጥሮ ተቀበለ። አምስት ብር መለሰላት፤ ዘጠና ነበር የሰጠችው። እስክሪብቶውን አነሳ።
“ልሰርዘው?”
ትርንጎ ደብተሩን በተቃራኒው አየችው። የአንለይ ስም በአንለይ በራሱ እጅ የተጻፈ ነው። “ለ”ው እግሩ ረዝሞ ታች ያለውን መስመር ነክቷል።
“ተወው” አለች።
“እሺ” አለና ዘጋው።

ምን ሆነ እዚህ? ልጁ “አይ፣ ይቅር፣ አልቀበልሽም” አላላትም። ብዙ ረቂቅ ላይ እንዲያ ይላል፤ ደግ እንዲመስል። ባይቀበላት ግን እንደማንኛውም አጽናኝ ያዘነላት ብቻ ይሆን ነበር። ብሩን ሲቀበል እንደ ሰው ቆጠራት። ስሙን ሳይሰርዝ ሲቀር ደግሞ አንለይን አከበረ። ስለ ፍቅር አንድም ቃል አልወጣም። መጀመሪያው ይህን ያህል ነው መሆን ያለበት።

ከመቀጠላችሁ በፊት እነዚህን አረጋግጡ፦

ሥጋ ዝምድና። ሰባት ቤት ቁጠሩ። በእኛ አገር አያት ቅድመ አያቱ ሳይቆጠር ጋብቻ አይታሰብም። ሁለቱ ከአንድ ቀበሌ ከሆኑ አንዲት አሮጊት ሊያስቆጥሯቸው ይገባል። የክርስትና ልጅነትና አበ ልጅነትም ይቆጠራል።

ከሟቹ ጋር ያለው ግንኙነት። የሟቹ ወንድም ወይም የልብ ጓደኛ ካደረጋችሁት ታሪኩ ስለ ክህደት ይሆናል። ያ ሌላ መጽሐፍ ነው። ለመጀመሪያ ሥራችሁ አልመክርም።

ዕድሜ። በሕጉ የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው። ገጸ ባሕርያቱ ከዚያ በታች ከሆኑ የጋብቻን ወሬ አታምጡ፤ የቤተሰብ ግፊት ካለም እንደ ግፊት አሳዩት። ልጅቷ እጮኛ ሳትሆን ባል የሞተባት ከሆነች ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 16 መሠረት፣ የፊተኛው ጋብቻ ካበቃ 180 ቀን ሳይሞላ ሴት እንደገና አታገባም። እርግዝና አለመኖሩ በሐኪም ከተረጋገጠና በሌሎች ጥቂት ሁኔታዎች ይቀራል። በአጋጣሚ ይህ ቁጥር ከመንፈቁ ጋር ይገናኛል። ተጠቀሙበት።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያውን ሳቅ ጻፉ

የመጀመሪያው መሳም ላይ አትድከሙ። ከባዱ የመጀመሪያው ሳቅ ነው። ሐዘንተኛ ሰው ከልቡ የሳቀበት ቅጽበት ላይ ጥፋተኝነት ወዲያው ይከተላል። ይህን ያለፈበት ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

አንድ ረቂቅ ላይ እንዲህ የሚል ነበር፦ “ልጅቷ ስትስቅ ልቧን የሸፈነው ጨለማ ተገፈፈ።” ይህ ዓረፍተ ነገር የማንም ነው። በምትኩ፦

“ሳቀች። ድምፁ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። ወዲያው የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። መንገዱን ወደ ላይ አየች፣ ወደ ታች አየች። የአንለይ ታናሽ እህት ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ዱቄት የነካው እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች ታያታለች።”

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። ሳቅ፣ እጅ፣ መንገድ፣ ዓይን። ስሜቱን አልጠራነውም።

ሳቁን ያመጣው ነገር ትንሽ ይሁን። በግ ሱቅ ገብታ የሳሙና ካርቶን በላች፤ በቃ። ቀልዱ ራሱ አስቂኝ መሆን አያስፈልገውም።

ከሳቁ በኋላ ለአንድ ምዕራፍ አራርቋቸው። ሱቅ መሄድ ትተዋለች። ስኳር ለመግዛት ሌላ ሰፈር ድረስ ትሄዳለች። እሱ አይከተላት፤ ደብዳቤም አይላክ፤ በቴሌግራምም አያጨናንቃት። ይጠብቅ። ተከታትሎ የሚያስጨንቅን ልጅ እንደ አፍቃሪ መሳል ክፉ ልማድ ሆኖብናል። ሴት ልጆች ያነቡታል፤ እባካችሁ ይህን ተዉ።

ደረጃ 6፦ ንግግሩን አስተካክሉ

ይበልጣልና ትርንጎ “አንተ፣ አንቺ” ይባባላሉ። አባቱን “ጋሼ” ትላለች። የአንለይን እናት “እማማ” ትላለች። ከተማ ከሆነ “እርስዎ”፣ ገጠር ከሆነ “አንቱ” ነው። “አንቱ ይቀመጡ፣ እኔ እቀዳለሁ” የምትል ልጅ ወዲያው የጎጃም ገጠር ልጅ ትሆናለች። ከዚህ አልፋችሁ ንግግሩን ሁሉ በአካባቢ ዘዬ አትሙሉት። በገጽ ሁለት ሦስት ቃል ይበቃል።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ የዋሸራን የቅኔ ትምህርት ቤት የማያውቅ የለም። ስለዚህ ሁሉም ጸሐፊ ፍቅረኛውን ባለቅኔ ያደርገዋል። ይቅርባችሁ። ሰምና ወርቁን በተራ ንግግር ውስጥ አስገቡት። ትርንጎ ከሳምንታት በኋላ ሱቅ ተመልሳ መጥታ “ስኳር አለ?” ትላለች። “ላንቺ አስቀምጫለሁ” ይላታል። ስኳሩ ሰም ነው። ወርቁን አንባቢው ያወጣዋል።

ደረጃ 7፦ የሟቹን እናት አምጧቸው

ይህን ትዕይንት የሚፈራ ጸሐፊ ብዙ ነው። ወይ ይዘለዋል፣ ወይ እናቲቱ “ልጄ፣ ኑሪ” ብለው መርቀው ይሸኟታል። እውነቱ ከሁለቱም ይከብዳል። እናቲቱ ልጅቷን ይወዷታል። ልጅቷ ስታገባ ግን ልጃቸው ሁለተኛ ይሞትባቸዋል። ሁለቱም ስሜት በአንድ ሰው ውስጥ አለ።

የሚሠራ መንገድ ልንገራችሁ። እናቲቱ እንዲናገሩ አታድርጉ፤ እንዲሠሩ አድርጉ። ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ ትርንጎ ቤታቸው ትሄዳለች። ከል ለብሳለች። እማማ ቡና ያፈላሉ። አቦል ይጠጣል፣ ቶና ይጠጣል። ስለ ዝናቡ ይወራል፣ ስለ ጤፉ ይወራል። በረካው ሲቀዳ እማማ ይነሱና ከሣጥን ውስጥ ነጭ ነጠላ አውጥተው ጭኗ ላይ ያስቀምጡላታል። ፊታቸውን ወደ ምድጃው አዙረው እሳት ይቆሰቁሳሉ፤ እሳቱ ግን ቆስቋሽ አልፈለገም። ትርንጎ ነጠላውን አትለብሰውም። አጥፋ ይዛው ትወጣለች።

መቼ ትልበሰው? ይህን ለእናንተ እተወዋለሁ። ግን ይበልጣል ፊት አይሁን። ብቻዋን ትሁን።

ሲበላሽ ምን እናድርግ?

“ታሪኩ በጣም አሳዛኝ ሆነ፤ ሰው መቀጠል አልቻለም።” ሐዘኑን አትቀንሱ፤ ሥራ ጨምሩ። ሰው እያዘነም ጤፍ ያነፍሳል፣ ወረፋ ይይዛል፣ ከወንድሙ ጋር ይጣላል። በየምዕራፉ ቢያንስ አንድ ከሐዘኑ ጋር የማይገናኝ የዕለት ጉዳይ አስገቡ።

“አዲሱ ልጅ ደነዘዘብኝ።” የራሱ ጉዳይ ስለሌለው ነው። ትርንጎን ከመጠበቅ ውጭ ምን ይፈልጋል? ይበልጣል ሱቁን ጠልቶ መካኒክነት መማር ይፈልግ ይሆናል። አባቱ አይሰሙትም። ይህን ስታስገቡ ልጁ ይነቃል።

“አንባቢዬ ሟቹን የበለጠ ወደደው።” ይህ ብልሽት አይደለም። ደረጃ 1ን በደንብ ሠርታችኋል ማለት ነው። አንለይን አታጥፉት። ይበልጣልም አንለይን ይውደደው፤ ሱቅ ሲመጣ ያወራው ነበርና እሱም የሚያስታውሰው ነገር አለው። ትርንጎ ስለ አንለይ በነጻነት የምታወራው ከእሱ ጋር ብቻ ከሆነ ፍቅሩ ራሱ መንገድ አግኝቷል።

“ሁለቱን አነጻጸረቻቸው።” ታነጻጽር፤ የተፈጥሮ ነው። ግን ይበልጣል በሁሉ ነገር በልጦ እንዳይገኝ። በአንዱ ይነስ። አንለይ ያስቃት ነበር፤ ይበልጣል እስከ መጨረሻውም ቀልድ አይችልም።

“መሃሉ ላይ ቆምኩ፣ ምን እንደሚመጣ አላውቅም።” ካሌንደሩን ግለጡ። ቀጣዩ ክበብ የትኛው ነው? ወደዚያ ጻፉ።

ደረጃ 8፦ መጨረሻውን ሠርግ አታድርጉት

ሠርግ ቀላል መውጫ ነው። ገና 20 ዓመት ላልሞላት ልጅ፣ በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ፣ ሠርግ ማለት ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው መሸኘት እንጂ ምርጫ አይመስልም። የራሷ ውሳኔ የታየበት ትንሽ ነገር ፈልጉ።

እኔ ብጽፈው የዱቤ ደብተሩ ላይ እዘጋው ነበር። ደብተሩ ይሞላል። ይበልጣል ያልተከፈለውን ዱቤ ወደ አዲስ ደብተር መገልበጥ አለበት። የተከፈለ አይገለበጥም። ትርንጎ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ስሞቹን ታነብለታለች፤ እሱ ይጽፋል። አንለይ ጋ ስትደርስ ታልፈዋለች። ከእሱ በታች ያለውን ስም ታነባለች። ይበልጣል ቀና ይላል። “ቀጥል” ትለዋለች። አሮጌው ደብተር አይጣልም፤ መደርደሪያው ላይ ከሚዛኑ ኋላ ይቀመጣል።

የመጨረሻው ሥራ፦ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ

ረቂቁ ሲያልቅ መጀመሪያ ላይ ወደጠየቃችኋቸው እናት ተመለሱ። ማንበብ ባይችሉም ችግር የለውም፤ እናንተ አንብቡላቸው። ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል፤ ቡና ሲፈላ ሲፈላ አንብቡ። እስክሪብቶ ያዙ።

“እንዲህማ አይደረግም” ያሉበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ፤ እዚያ ሥርዓት ተሳስታችኋል። እንቅልፍ ያንጎላጀጃቸው ቦታ ላይ አሳጥሩ። ሥራቸውን አቁመው ዝም ያሉበትን ግን አትንኩት። አንድ ኮማም አትቀይሩ። ስለ ራሳቸው ማውራት ከጀመሩ ደብተሩን ዝጉና አዳምጧቸው። የቀረውን ነገ ታነባላችሁ።